«ያለ ደረሰኝ ስንት ነው?»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ሃያ ሁለት አካባቢ የቧንቧና የመብራት ዕቃ እሸጣለሁ። የቫት ተመዝጋቢ ነኝ፣ የደረሰኝ ማሽን አለኝ፣ በየወሩ አሳውቃለሁ። ደንበኛ ገና በሩ ላይ ቆሞ «ያለ ደረሰኝ ስንት ነው?» ይለኛል። አልሸጥም ስለው ሦስት ሱቅ አልፎ ወዳለው ሰው ይሄዳል። እሱ ማሽኑን የሚያበራው ተቆጣጣሪ መጣ ሲባል ብቻ ነው። ባለፈው ሳምንት ሁለት የውሃ ማሞቂያ ሊገዙ የመጡ ሰዎች በዚሁ ምክንያት አመለጡኝ። ባለቤቴ «ሰፈሩ በሙሉ ሳይከፍል አንተ ብቻህን አገር ታቆማለህ?» ትለኛለች። እውነት ሞኝ ነኝ? (ባለ ሱቁ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሞኝ አይደለህም። ባለቤትህም ክፉ ነገር አልተናገረችም። እኔ መርካቶ ውስጥ 26 ዓመት የነጋዴ ሒሳብ ሠርቻለሁ፤ የእሷን ጥያቄ ያልጠየቀኝ ነጋዴ ትዝ አይለኝም።

መጀመሪያ ሒሳቡን እንሥራው። ከአስመጪ የ10,000 ብር ዕቃ በደረሰኝ ስትገዛ 1,500 ብር ቫት ትከፍላለህ። ዕቃውን በ12,000 ብር ስትሸጠው ከደንበኛው 1,800 ብር ቫት ትቀበላለህ። የከፈልከው ተቀንሶ ለመንግሥት የምታስገባው 300 ብር ነው። ትርፍህ 2,000 ብር ሆኖ ይቀራል። ቫቱን የከፈለው ደንበኛው ነው፤ አንተ አስተላላፊ ነህ።

አሁን ጎረቤትህን እንየው። ያንኑ ዕቃ በደረሰኝ ከገዛ 11,500 ብር ይቆምበታል። ያለ ደረሰኝ በ12,000 ሲሸጠው የሚተርፈው 500 ብር ብቻ ነው። ስለዚህ እሱም ያለ ደረሰኝ እየገዛ ነው ማለት ነው። ነገሩ ከእሱ ሱቅ አይጀምርም። አንተ ዛሬ እንደ እሱ ልሽጥ ብትል ግዢህ በደረሰኝ ገብቷል፣ ሽያጭህ ግን አይታይም። ኦዲተሩ «ዕቃው የት ሄደ?» ሲልህ ምን ትላለህ? ግዢህንም ያለ ደረሰኝ ካደረግከው ደግሞ ለትርፍ ግብር የምታሳየው ወጪ አይኖርህም። ይህን መንገድ የጀመሩ ደንበኞች ነበሩኝ። ሁለቱ ሱቃቸውን ዘግተዋል።

ግን አንተ የጠየቅከኝ ስለ ሒሳብ ብቻ እንዳልሆነ ይገባኛል። ሰው ለምን ይከፍላል፣ ለምንስ አይከፍልም ነው ነገሩ።

አባቴ ሞጣ አካባቢ ገበሬ ነበሩ። የመሬት ግብር የከፈሉባቸውን ደረሰኞች በቆዳ ጠቅልለው ጣሪያው ሥር ይሰቅሏቸው ነበር። እኛ ልጆች መንካት አይፈቀድልንም። በርስት ክርክር ሲነሳ ያ ጥቅል ይወርዳል፤ ሽማግሌ ፊት ይዘረጋል። አባቴ ግብር ለመክፈል ማንም ለምኗቸው አያውቅም። ደረሰኙ መሬታቸው ነበር።

እኚሁ ሰው በ1960 የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲመጣ አልከፍልም ካሉት ጋር ሆኑ። ብዙው ጎጃም ተነሳ። ልጅ ብሆንም የሰማሁት ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ፤ ስለ ብሩ ብዛት የሚያወራ አልነበረም። «ሊለኩብን ነው» ነበር የሚባለው። መሬቱ ከተለካና ከተመዘገበ ርስታችን ይሄዳል ብለው ፈሩ። መንግሥት ጦር ላከ፣ አውሮፕላንም አዘመተ። በመጨረሻ ግን ግብሩን ትቶ አገረ ገዢውን አነሳ። በደስታ ይከፍል የነበረ ሰው ወረቀቱ ለእሱ መቆሙ ቀርቶ በእሱ ላይ የሚመሰክር ሲመስለው ጠመንጃ አነሳ። እኔ ከዚያ ወዲህ ያየሁት የግብር ጠብ ሁሉ ይህንኑ ይመስላል።

በ2009 የነጋዴው የቀን ገቢ በገማቾች ሲገመት፣ አነስተኛ ነጋዴዎች የሚመደቡበት የ«ሐ» የግብር ምድብ ደንበኞች ነበሩኝ። አንዱ ልብስ ሰፊ ነው። ገማቾቹ የመጡበት በበዓል ዋዜማ ነበር። «ዛሬ ስንት ሠራህ?» አሉት፤ ደስ ብሎት እውነቱን ነገራቸው። ያ የዋዜማ ገቢ የዓመት ሙሉ የቀን ገቢው ተደርጎ መጣበት። ወረቀቱን ይዞ ቢሮዬ ሲገባ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። «ብሩ በዛ» አላለኝም። «ይሄን ቁጥር ከየት አመጡት?» ነው ያለኝ። ቅሬታ ሊያቀርብ ሲሄድ መስኮቱ ላይ ያለው ልጅ ቀና ብሎ እንኳ አላየውም። ያን ክረምት በአምቦ፣ በወሊሶና በሌሎች ከተሞች ሱቆች ተዘጉ፤ ሰው አደባባይ ወጣ። «ሐ» የሚባለው ምድብ በ2017ቱ የገቢ ግብር አዋጅ ማሻሻያ ቀርቷል። ያ ልብስ ሰፊ ግን ከዚያ ወዲህ የቀን ገቢውን ለማንም በእውነት ተናግሮ አያውቅም። በእሱ አልፈርድበትም።

ማስፈራራት አይሠራም ማለቴ አይደለም። ኢኮኖሚስቱ አበበ ሽመልስና ባልደረቦቻቸው አዲስ አበባ ላይ ይህን ሞክረውታል። ለአንዳንድ ድርጅቶች ኦዲት እንደሚመጣ የሚያስጠነቅቅ ደብዳቤ ተላከ። ለሌሎቹ ደግሞ ግብር መክፈል የሞራል ግዴታ መሆኑን የሚያስረዳ። ደብዳቤ ካልደረሳቸው ጋር ሲነጻጸር የማስጠንቀቂያው የትርፍ ግብሩን በ38 በመቶ ጨመረው። የማስረዳቱ በ32 በመቶ። ልዩነቱ 6 ነጥብ ብቻ ነው! በሰው ወግ ለተጻፈ አንድ ወረቀት ይህን ያህል መልስ ከተገኘ፣ መስኮቱ ላይ ያለው ልጅ ቀና ብሎ «እንደምን ዋልክ» ቢል ምን ይገኝ ነበር እላለሁ።

ደመወዝተኛው እንኳ ፈቃዱን የሚጠይቀው የለም፤ ብሩ ኪሱ ሳይደርስ ይቆረጣል። ከግብር ነፃ የሆነው ደመወዝ ከ2008 እስከ 2017 ማሻሻያ ድረስ 600 ብር ነበር፤ አሁን 2,000 ሆኗል። ያ ሰው ነው አንተ ሱቅ መጥቶ «ያለ ደረሰኝ ስንት ነው?» የሚልህ። በእሱ ብዙ አትዘንበት።

ቅሬታዬ በሰብሳቢው ላይ ነው። ማሽን ያለውን፣ ፋይል ያለውን፣ በየወሩ የሚያሳውቀውን ደጋግሞ ያንኳኳል። የጎረቤትህን በር ግን ማንኳኳት አለበት። ያለዚያ አንተን የመሰለ ሰው አንድ ቀን ይደክመዋል።

እስከዚያው ደረሰኝ የሚፈልጉትን ደንበኞች ፈልግ። ሥራ ተቋራጭ፣ ሆቴል፣ ትምህርት ቤት፣ ድርጅት ሁሉ ያለ ደረሰኝ ወጪውን ማስመዝገብ አይችልም። ጎረቤትህ ያለ ደረሰኝ እየነገደ ለእነሱ መሸጥ አይችልም፤ አንተ ትችላለህ። ዋጋ ማቅረቢያ አሳትመህ በየቢሮው አስገባ። ያለ አግባብ የመሰለህ የግብር ውሳኔ ከመጣብህ ደግሞ ዝም ብለህ አትብሰልሰል። ማስታወቂያው በደረሰህ በ21 ቀን ውስጥ ቅሬታህን በጽሑፍ አስገባ፤ ገቢ የተደረገበትን ቅጂም ያዝ።

የሦስት ወር የግዢ ደረሰኞችህን በየአስመጪው ለይተህ እሰርና ቅጂውን በዝግጅት ክፍሉ በኩል ላክልኝ። የውሃ ማሞቂያውን ከማን እንደምትገዛ ማየት እፈልጋለሁ። የግዢ ዋጋውን የማሳነሻ ቦታ ያለ ይመስለኛል።