የአያታችን የሕይወት ታሪክ ለሙት ዓመታቸው እንዴት ይጻፍ?

ጥያቄ፦ ክቡራን የዝግጅት ክፍል ባልደረቦች፣ የምጽፍላችሁ ከአቃቂ ነው። አባባ እያልን የምንጠራቸው አያታችን ካረፉ አሥር ወር ሊሞላቸው ነው። ሙት ዓመታቸው ሲደርስ የሕይወት ታሪካቸውን በትንሽ መጽሔት አሳትመን ለዘመድ ወዳጅ እንድናድል ቤተሰቡ ተስማምቶ፣ የመጻፉን ኃላፊነት ለእኔ ሰጥቶኛል። አባባ ዕድሜያቸውን ሁሉ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ፤ በወጣትነታቸው ድሬዳዋ ሠርተው በኋላ ወደ አቃቂ ተዛወሩ፣ በደብራችንም እስከ ዕለተ ሞታቸው የሰንበቴው ሙሴ፣ ማለትም የማኅበሩ መሪ፣ ነበሩ። የጡረታ ደብተራቸው በ1932 ዓ.ም. ተወለዱ ይላል። በሕይወት ያሉት ታላቅ እህታቸው ግን ጣልያን ከወጣ ጥቂት ቆይቶ በዘመነ ዮሐንስ እንደተወለዱና ክርስትና የተነሡት በአስተርእዮ ማርያም ዕለት እንደሆነ ይናገራሉ። ጴንጤ የሆነው አጎቴ ደግሞ ስለ ሰንበቴውና ስለ ተዝካሩ እንዳይጻፍ፣ «እግዚአብሔርን የሚፈሩ ሰው ነበሩ» ማለት እንዲበቃ ይፈልጋል። አክስቶቼም አባባ ሴት አያታችንን ከማግባታቸው በፊት ድሬዳዋ የወለዷት ልጅ ስሟ ከልጆቹ ጋር እንዳይገባ ይከራከራሉ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

የልጅ ልጃቸው፣ ከአቃቂ

መልስ፦ በቅድሚያ ለቤተሰቡ መጽናናትን እንመኛለን።

በቀብር ላይ የሚነበበው የሕይወት ታሪክ ብዙውን ጊዜ ድንኳን በሚተከልበትና ዘመድ በሚጠራበት ጥድፊያ መካከል ስለሚጻፍ፣ «ከአባታቸው ከአቶ እገሌና ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት ተወልደው፣ ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው» ከሚለው ብዙም አይርቅም። የሟቹን ስም አውጥቶ የጎረቤታቸውን ስም ቢያስገቡበት ልዩነቱን የሚያስተውል ለቀስተኛ ጥቂት ነው። እርስዎ ግን ሁለት ወር አለዎት፤ ነገሩን የሚያውቁት ታላቅ እህታቸውም በሕይወት አሉ። ስለዚህ ከመጻፍዎ በፊት እርሳቸው ዘንድ ቁጭ ይበሉና የሚነግሩዎትን በስልክዎ ይቅረጹ፤ ፎቶግራፎችም ካሉ በላዩ ላይ ያሉትን ሰዎች ስም እያስነገሩ ከጀርባው በእርሳስ ይጻፉበት።

የልደቱ ዘመን ካሰቡት በላይ ቀላል ነው። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምረው ለ4 ሲያካፍሉ ቀሪው 1 ከሆነ ዘመኑ ማቴዎስ፣ 2 ከሆነ ማርቆስ፣ 3 ከሆነ ሉቃስ፣ ቀሪ ከሌለው ዮሐንስ ነው። 1932 እና 5500 ድምሩ 7432 ነው፤ ይህም ለ4 ያለ ቀሪ ስለሚካፈል የጡረታ ደብተሩ የሚለው ዓመትም ዘመነ ዮሐንስ ሆኖ ይገኛል። ይሁን እንጂ በ1932 ጣልያን ገና አገር ውስጥ ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ መጀመሪያ የመጣው ዘመነ ዮሐንስ 1936 ነው። ቀኑም ቢሆን አይጠፋም፦ ወንድ ልጅ ክርስትና የሚነሣው በ40 ቀኑ ስለሆነ፣ አስተርእዮ ከሚውልበት ከጥር 21 ወደ ኋላ ሲቆጥሩ ታኅሣሥ 12 ላይ ይደርሳሉ። የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ እንደመሆኑ፣ የዚያ ትውልድ ሰው ሥራ ሲቀጠር ዕድሜውን በግምት፣ አንዳንዴም ከፍ አድርጎ ማስመዝገቡ የተለመደ ነበር። እኛ በእርስዎ ቦታ ብንሆን የታላቅ እህታቸውን ቃል ተከትለን 1936 ብለን እንጽፍና በደብተሩ ላይ ያለው 1932 መሆኑን በአንድ ዐረፍተ ነገር እንጠቅሳለን።

ከዓመቱ ይልቅ ሊደክሙበት የሚገባው የባቡሩ ዘመን ነው፤ ስለ እርሱ የጻፉልን አንድ መስመር ብቻ መሆኑ አሳስቦናል። ባቡር ድሬዳዋ የደረሰው በ1895፣ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው፤ ድሬዳዋም ከተማ የሆነችው በዚሁ ባቡር ምክንያት ነው። አያትዎ ሐዲድ ጥገና ላይ ነበሩ፣ ጣቢያ ላይ ወይስ ባቡሩ ላይ? ሌሊት ተረኛ ሲሆኑ ቤት ማን ይጠብቅ ነበር? ሶማልኛ ወይም ኦሮምኛ ለምደው ነበር? በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በሶማሊያ ወረራ ጊዜ መስመሩ ሲቋረጥ የት ነበሩ፣ ደመወዝስ እንዴት ይደርሳቸው ነበር? አብረዋቸው የሠሩ ጡረተኞች አንድ ሁለት እንኳ ቢገኙ፣ ልጆቻቸው ጨርሶ ያልሰሙትን ነገር ሊነግሩዎት ይችላሉ፤ አባቶች የሥራን ነገር ለሥራ ባልደረባ እንጂ ለልጅ ብዙ አያወሩምና።

የድሬዳዋዋ ልጃቸው ጉዳይም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። የድሬዳዋን ዓመታት እየጻፉ በዚያ የተወለደችውን ልጅ መዝለል፣ እርሷን የሚያውቅ ሰው ሁሉ የቀረውንም ጽሑፍ እንዳያምን ያደርጋል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 36 ንዑስ አንቀጽ 4 ከጋብቻ ውጪ የተወለዱ ልጆች በጋብቻ ከተወለዱት ጋር እኩል መብት እንዳላቸው ደንግጓል። አክስቶችዎን የሚያሳስባቸው ውርስ ከሆነ ያ በፍርድ ቤት የሚታይ እንጂ በመጽሔቱ የሚወሰን አይደለም። የሚያሳስባቸው የሴት አያትዎ ስሜት ከሆነ ግን አያትዎን ራስዎ፣ ብቻቸውን ሲሆኑ ይጠይቋቸው፤ ነገሩን ከአክስቶችዎ ቀድመው የሚያውቁና ከብዙ ዘመን በፊት ይቅር ያሉት ሆነው ቢገኙ አይደንቀንም። ልጅቱንም ፈቃዷን ይጠይቋት። ሁለቱም ከተስማሙ ስሟ በልደት ቅደም ተከተል፣ ያለ ተጨማሪ ማብራሪያ፣ በመጀመሪያ ይግባ።

በአጎትዎ ሐሳብ አንስማማም። የሰንበቴ ሙሴ የነበረን ሰው ሰንበቴ ሳይጠቅሱ መጻፍ የሌላ ሰው ታሪክ መጻፍ ነው። ከቅዳሴ በኋላ ተረኛው ዳቦና ጠላ ሲያቀርብ ነዳያንን ማን ያስቀምጥ እንደነበር፣ ተረኛ ሆኖ ያጣውን አባል አያትዎ እንዴት ይሸፍኑለት እንደነበር፣ የተጣሉትን አባላት ሳያስታርቁ ጽዋ ያስጀምሩ እንደሆነና እንዳልሆነ አባላቱን ይጠይቁ፤ ሃይማኖታቸው የሚታየው እዚያ ላይ ነው። «እግዚአብሔርን የሚፈሩ» የሚለው ቃል ስለ ማንም ሊባል ስለሚችል ስለ እርሳቸው ምንም አይነግረንም። አርባቸው፣ ሰማንያቸው፣ መንፈቃቸውና ሙት ዓመታቸው በቤተ ክርስቲያን መታሰቡም እርሳቸው በኖሩበት እምነት የተፈጸመ ስለሆነ እንደተፈጸመ ይጻፍ።

ለአጎትዎ ግን የራሱ ቦታ ይሰጠው። በአንድ ቤት ሁለትና ሦስት እምነት ማየት በከተማችን ዳርቻ ብርቅ መሆኑ ከቀረ ቆይቷል፤ አንባቢው ሊያውቅ የሚፈልገውም አባትየው ልጃቸው ሃይማኖቱን ሲለውጥ እንዴት እንደተቀበሉት ነው። ተቆጥተው ከነበረ መቆጣታቸውን፣ በበዓል ቀን ለብቻው የሚበላውን አስቀምጠውለት ከነበረ ያንኑ፣ አንድ አንቀጽ በራሱ እጅ ይጻፍ። እርስዎ በፊደል ስሕተት ካልሆነ በቀር አይንኩበት። በጸሎቱ ላይ መገኘት አለመገኘቱ የራሱ ጉዳይ ስለሆነ በጽሑፉ ውስጥ አይነሣ።

የትውልድ ቦታቸውን ሲጽፉ በዘመኑ የነበረውን አጠራር ያስቀድሙ፤ በ1936 ዓ.ም. ክፍለ ከተማም ክልልም አልነበረምና ጠቅላይ ግዛቱንና አውራጃውን ጽፈው የዛሬውን ስም ያስከትሉ። የተቀበሉትን ምስጋናና ሽልማት ሁሉ መዘርዘር አያስፈልግም። ረቂቁ ሲያልቅ ለታላቅ እህታቸው ድምፅዎን ከፍ አድርገው ያንብቡላቸው፤ የሚያርሙትን ሳያስተካክሉ ወደ ማተሚያ ቤት አይውሰዱት።