25 ሚሊሜትሩ ከየት መጣ?

ጠያቂዬ ወጣት መሐንዲስ ናቸው። በሁለት ጫፎቹ ብቻ የሚያርፍ የ24 ሜትር ድልድይ እየነደፉ ነው፤ ከሥር የብረት ገርደሮች (ረጃጅም ተሸካሚ አግዳሚዎች)፣ ከላይ 20 ሳንቲሜትር የኮንክሪት ሶሌታ (ወለል)። በስሌት ሶፍትዌር ላይ ገርደሩን በፍሬም (በመስመር)፣ ሶሌታውን በሼል ኤለመንት (በስስ ገጽ) ሠርተውታል። ለሙከራ አንዱን ገርደር 2.5 ሜትር ከሆነው የሶሌታ ድርሻው ጋር ለይተው በሜትር 10 ኪሎኒውተን ሲጭኑበት ሶፍትዌሩ 25 ሚሊሜትር ይጎብጣል አላቸው። በእጅ ሲያሰሉት ግን 11 ብቻ ነው። «ማንን ልመን?» ይላሉ።

እጅዎን ይመኑ። ሶፍትዌሩም ቢሆን የታዘዘውን ነው የሠራው። የላኩልኝን ልኬት ይዤ አሰላሁት፤ የገርደሩ ቁመት 1.2 ሜትር፣ ፍላንጆቹ (የላይና የታች አግድም ሳህኖቹ) 400 በ25፣ ዌቡ (በመካከል የቆመው ሳህን) 12 ሚሊሜትር። ገርደሩንና ሶሌታውን በአንድ ኖድ (የሞዴሉ መገናኛ ነጥብ) ላይ ስላሳረፏቸው ማዕከሎቻቸው በአንድ ከፍታ ላይ ተቀምጠዋል። በእውነተኛው ድልድይ ግን በመካከላቸው 70 ሳንቲሜትር አለ። ሁለት ሳንቃ ሳያጣብቁ ደራርበው ቢቆሙባቸው እያንዳንዱ ለብቻው ይጎብጣል፤ የእርስዎም ሞዴል እንዲሁ ነው። የብረትና የኮንክሪት ሞጁለስ (የቁሱ ግትርነት) ንጽጽር 8 ሆኖ ሲሰላ፣ የተጣመረው ክፍል ኢነርሺያ (ቅርጹ ጉብጠትን የሚቋቋምበት መጠን) የሁለቱ ተራ ድምር 2.2 እጥፍ ያህል ነው። 25ን ለ2.2 ያካፍሉ፤ 11 ይመጣልዎታል።

ማስተካከያው ሁለት መንገድ አለው። አንዱ በኢንሰርሽን ፖይንት (ገርደሩ ከኖዱ አንጻር የት እንደሚቀመጥ በሚወስነው ትእዛዝ) ገርደሩን ከኖዱ በታች ማውረድ ነው። ታዲያ የገርደሩን አናት ኖዱ ላይ ብቻ ቢያደርጉት የሶሌታው ግማሽ ውፍረት፣ 10 ሳንቲሜትሩ፣ ይጎድልብዎታል። በሳፕ 2000 ሶፍትዌር ደግሞ ገርደሩ ሲወርድ ግትርነቱ አብሮ እንዳይሰላ የምታደርግ ትንሽ ሳጥን አለች፤ ምልክት ከተደረገባት ሥዕሉ ይወርዳል፣ ውጤቱ ያው 25 ይሆናል። ብዙ ሰው ያቺ ሳጥን ግማሽ ቀን በልታበታለች። እኔ የምመርጠው ሁለተኛውን ነው፤ ገርደሩንም ሶሌታውንም በየራሳቸው ማዕከል ከፍታ ሠርቶ፣ በየሜትሩ በማይታጠፍ አጭር ማያያዣ ማገናኘት። ጊዜ ይወስዳል፤ ግን በገርደሩ ውስጥ የሚያልፈውን የመሳብ ኃይል በግልጽ ያያሉ።

ይህን ሲያደርጉ ጉብጠቱ ይስተካከልና ሌላ ድንጋጤ ይመጣል። ሞመንቱ (የሚያጎብጠው ጉልበት) በመሃል 720 ኪሎኒውተን ሜትር መሆን ሲገባው፣ የገርደሩ ዲያግራም 313 ብቻ ያሳያል። ምንም አልጠፋም። ገርደሩ በ571 ኪሎኒውተን ይሳባል፣ ሶሌታው በዚያው መጠን ይገፋል፤ ይህን በ0.7 ሜትር ያባዙት፣ 400 ያህል ነው። ቀሪው 8 በራሱ በሶሌታው ውስጥ አለ። ሲደመር 720 ይደርሳል። እንግዲህ ከፍሬሙ ላይ 313ን ብቻ አንስቶ የብረቱን ውጥረት የሚፈትሽ ሰው የመሳቡን ኃይል ዘንግቷል ማለት ነው። ወይ ሁለቱንም ይደምሩ፣ ወይ ሶፍትዌሩ ሙሉውን ክፍል ቆርጦ ኃይሎቹን በአንድነት እንዲደምር ይዘዙት።

ድጋፎቹን በሁለቱም ጫፍ በቁመታዊው አቅጣጫ አስረው እንደሆነም ይመልከቱ። አንዱ ጫፍ መንሸራተት አለበት፤ አለበለዚያ ድልድዩ እንደ ቅስት ይገፋል፣ ጉብጠቱም ከ11 በታች ይወርዳል። ትንሽ ቁጥር ሲመጣ የሚጠረጥር ሰው ስለሌለ ይህ ስህተት ከመጀመሪያው የከፋ ነው።

አሁን ወዳልጠየቁኝ ልግባ። ሶሌታው ሲሞላ ኮንክሪቱ ጭነት ብቻ ነው፤ ጉልበት የለውም። ገርደሩ ከሥር ካልተደገፈ በሜትር 12.5 ኪሎኒውተን የሚመዝነውን እርጥብ ሶሌታ ብረቱ ብቻውን ይሸከማል፣ 32 ሚሊሜትርም ይጎብጣል። ሶሌታው ጠንክሮ በቆመበት ሞዴል ላይ ይህንኑ ክብደት ቢያነቡ 14 ያገኛሉ። ከዓመታት በፊት እኔ ራሴ ለካምበሩ (ገርደሩ ሲሠራ አስቀድሞ ወደ ላይ ለሚጎብጥበት መጠን) ይህንኑ ትንሹን ቁጥር ጽፌ ነበር። ሥዕሉን ያረሙት አዛውንት መሐንዲስ ምንም ሳይናገሩ በእርሳስ ከበቡት፤ ብረቱ ገና ስላልተቆረጠ ተረፍኩ። የገርደሩ የራሱ ክብደት የሚያመጣው 7 ሚሊሜትር ያህልም ይታከልበታል።

ስለዚህ ሦስት ደረጃ ይሥሩ። ለእርጥቡ ኮንክሪት ብረቱ ብቻውን፤ ለአስፋልትና ለጠርዝ ግንብ ሶሌታው ተጣምሮ፣ ሆኖም ኮንክሪት በቋሚ ጭነት ሥር ከጊዜ ጋር ቀስ በቀስ ስለሚሸሽ (ክሪፕ)፣ የአሜሪካው የድልድይ ደንብ አሽቶ (AASHTO) እንደሚያዘው የሞጁለሱ ንጽጽር በሦስት ተባዝቶ 24 ሆኖ፤ ለተሽከርካሪ ጭነት በ8።

ከዚያ በፊት ግን በአንዱ ገርደር ጫፍ ያለውን የድጋፍ ምላሽ ይዩ። በራሱና በሶሌታው ክብደት ብቻ 182 ኪሎኒውተን ያህል መሆን አለበት። 332 ካዩ፣ ሼሉ የሶሌታውን ክብደት አስቀድሞ ቆጥሮት ሳለ እርስዎ በመስመር ጭነት ደግመውታል።