ለሠርጌ ስምንት ጥርሴን ቬኒር ላድርግ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ27 ዓመት ሴት ነኝ። በ12 ዓመቴ ወድቄ አንዱ የፊት ጥርሴ ጫፉ ተሸረፈ። እያደር ያው ጥርስ ጠቆረ፤ አሁን ግራጫ ሆኗል። ሌሎቹም ቢጫ ቢጫ ይላሉ። ፍንጭትም አለኝ። ፎቶ ስነሣ አፌን በእጄ እሸፍናለሁ። ከአምስት ወር በኋላ ሠርጌ ነው። አንድ ክሊኒክ ሄጄ «የላይኛዎቹን ስምንት ጥርሶች ቬኒር (ከጥርሱ ፊት የሚለጠፍ ስስ ሽፋን) እናድርግልሽ፤ በሁለት ቀጠሮ ያልቃል» አሉኝ። ዋጋው ከአቅሜ በላይ ነው። ተበድሬም ቢሆን ላድርገው?

መልስ፦ እንኳን ደስ አለዎት! ብድሩን ግን ትንሽ ያቆዩት። የጠቆረውን ጥርስ ራጅ አንሥተውልዎታል? በጥያቄዎ ውስጥ አላየሁትም። እኔን ያሳሰበኝ ከቀለሙ ይልቅ እሱ ነው።

ተመትቶ ከቆየ በኋላ ግራጫ የሚሆን ጥርስ ብዙውን ጊዜ ውስጡ ያለው ነርቭና የደም ሥር ሞቷል ማለት ነው። ላያምዎት ይችላል። ዓመታት ዝም ብሎ ይቀመጥና ከሥሩ ጫፍ ኢንፌክሽን ይዞ አጥንቱን ቀስ እያለ ሊበላው ይችላል። እዚህ ላይ ቬኒር መለጠፍ የሚያፈስ ጣሪያ ሳይጠግኑ ኮርኒሱን ቀለም እንደ መቀባት ነው። አንዳንዴ ደግሞ ነርቩ በሕይወት እያለ የተቀመጠበት ቦይ ጠቦ የጥርሱ ቀለም ይቀየራል። ያኔ ብዙ ጊዜ ምንም መነካካት አያስፈልገውም። ስለዚህ በዓይን ብቻ አይወሰንም፤ ራጅና ጥርሱ ቅዝቃዜ ይሰማው እንደሆነ የሚታይበት ምርመራ ያስፈልጋል።

ነርቩ ሞቶ ከተገኘ ሩት ካናል ይሠራለታል፤ የሞተው ነርቭ ወጥቶ ቦዩ ተጠርጎ ይደፈናል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው የማያውቀው ዘዴ አለ። የማንጫ መድኃኒቱ በጥርሱ ክፍተት ውስጥ ይደረግና ለጥቂት ቀናት ተደፍኖ ይቆያል። ጥርሱ ከውስጥ ይነጣል። ጥቂት ጊዜ መመላለስ ይኖረዋል እንጂ ጥርሱ ከውጭ አይሞረድም።

የሌሎቹ ቢጫነት ቀላሉ ነው። የጥርስ የላይኛው ሽፋን ኢናሜል ብርሃን ያሳልፋል። ከሥሩ ያለው ዴንቲን ደግሞ በተፈጥሮው ቢጫ ነው። ስለዚህ እንደ ወረቀት ነጭ የሆነ ጥርስ ጤነኛ ነው ማለት አይደለም፤ እውነቱን ለመናገር እንዲያ ያለ ጥርስ እኔን ብዙም አያምረኝም። በመጀመሪያ ጥርስዎን ሐኪም ዘንድ ይታጠቡ። የሻይ፣ የቡናና የሲጋራ ቀለም በእጥበቱ ብቻ ይለቃል። ካልበቃዎት በጥርስዎ ልክ የተሠራ ስስ ማቀፊያ ይሰጥዎታል። ውስጡ 10 በመቶ ካርባማይድ ፐርኦክሳይድ የተባለ ማንጫ ያለው ጄል እያደረጉ ማታ ማታ ለሁለት ሳምንት ያህል ይተኙበታል። ቀዝቃዛ ነገር ሊጠዘጥዝዎት ይችላል፤ ሲያቋርጡት ያልፋል። እርጉዝ ከሆኑ ግን ይቆይ።

ሎሚና ከሰል የሚሉትን ምክሮች እርሷቸው። ሎሚ ኢናሜሉን ያሟሟል፣ ከሰል ይፍቀዋል። ኢናሜል ሲሳሳ ዴንቲኑ ይበልጥ ይታያል። ለማንጣት ብለው ያስቢጫሉ ማለት ነው።

የተሸረፈው ጫፍ ደግሞ የጥርሱን ቀለም በሚመስል፣ ኮምፖዚት በሚባል መሙያ ይሞላል። አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቀጠሮ ያልቃል። ይህን ያስቻለው ማይክል ቦኖኮር የተባለ ተመራማሪ ነው፤ በ1955 እ.ኤ.አ. ኢናሜልን በአሲድ ትንሽ ማሻከር ሙሌቱን አጥብቆ እንደሚያስይዘው አሳየ። ኮምፖዚት ከዓመታት በኋላ ቀለም ይይዛል፣ ይሸረፋልም። ግን ይጠገናል። ቅደም ተከተሉን ብቻ እንዳይስቱት፦ ማንጫው ሙሌትን አያነጣም። መጀመሪያ ያንጡ፣ ሁለት ሳምንት ያህል ይቆዩ፣ ከዚያ በነጣው ቀለም ልክ ያስሞሉ። ሳይቆዩ ካስሞሉት አጥብቆ አይይዝም።

ፍንጭቱን እርስዎ ካልጠሉት ባይነኩት ደስ ይለኛል። ከጠሉት በዚያው ኮምፖዚት ማጥበብ ይቻላል። በብሬስም (ጥርስን ቀስ እያለ በሚገፋ ሽቦ) ይዘጋል፤ ጥርሶቹ ወደ ቦታቸው እንዳይመለሱ ግን ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ማቆያ ማድረግ ግድ ነው። በኢንተርኔት እንደሚያሳዩት በላስቲክ ጎማ እንዳያስሩት ብቻ! ጎማው ሾልኮ ድድ ውስጥ ይገባና ሥሩን የያዘውን አጥንት ያጠፋል። በዚህ ጤነኛ ጥርስ ያጡ ሰዎች አሉ።

አሁን ወደ ቬኒሩ። በ1920ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ቻርልስ ፒንከስ የተባለ የካሊፎርኒያ የጥርስ ሐኪም ለፊልም ተዋንያን ስስ የጥርስ ሽፋን ይሠራላቸው ነበር። ለቀረጻ ይለጠፋል፣ ሲያልቅ ይነሣል። የዛሬው እንዲያ አይነሣም። ብዙውን ጊዜ ከጥርሱ ፊት ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ይሞረድለታል። ትንሽ ይመስላል፤ ኢናሜሉ ራሱ ግን ድድ አካባቢ ከዚያ ብዙም አይወፍርም። አንዴ ከተሞረደ ደግሞ ተመልሶ አያድግም። ጥሩ ቬኒር ከ10 እስከ 15 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል። እርስዎ 27 ዓመትዎ ነው። በዕድሜዎ ስንቴ እንደሚቀየር ያስቡት፤ ወጪው የአንድ ጊዜ አይደለም።

ቬኒር መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። በማንጫ እንቢ ላለ፣ በፍሎራይድ ወይም በቴትራሳይክሊን መድኃኒት ክፉኛ ለተበላሸ ቀለም፣ ቅርጹ ለተዛባ ጥርስ እኔም እሠራለሁ። ጥርስ ለሚያፋጩ ሰዎች ግን ቶሎ ይሰበራል። አንዳንድ ቦታ ደግሞ ቬኒር ብለው ጥርሱን ዙሪያውን ሞርደው ቀንድ ያስመስሉታል። ያ ክራውን (ጥርሱን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ቆብ) ነው፤ ለጤነኛ ጥርስ የሚደረግ አይደለም። ቬኒሩን ያሉት ሐኪም ከስምንቱ ጥርሶች ሰባቱ ምን እንደሆኑ ይንገሩዎት። የተመታው አንድ ነው።

አምስት ወር ይበቃል። ምርመራውና ሩት ካናሉ በመጀመሪያው ወር፣ ማንጣቱ በሁለተኛው፣ ሙሌቱ በሦስተኛው ቢሆን ሁለት ወር ይተርፍዎታል። ሌላ የጥርስ ሐኪም ጋ ሲደውሉም «ጥርሴን ለማሳመር» ብለው ቀጠሮ አይያዙ። «በልጅነቴ የተመታ ጥርስ ጠቁሮብኛል» ይበሉ።