ከጎጃም ለአውሮፓ ጉዳዮች ስኮላርሺፕ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አራቱ ስለ አውሮፓ ኅብረት ፖለቲካ፣ ሕግና ኢኮኖሚ በሁለተኛ ዲግሪ ለመማር ስለሚያስችል ስኮላርሺፕ የሚጠይቁ ናቸው።

ከደብረ ማርቆስ፦ በፖለቲካ ሳይንስ ተመርቄያለሁ፤ የምከፍለው ገንዘብ ግን የለኝም። ከየት ልጀምር?

የአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ከሚሰጠው የሁለተኛ ዲግሪ ስኮላርሺፕ፣ ከኢራስመስ ሙንዱስ ይጀምሩ። የትምህርት ክፍያውን ይሸፍናል፤ በወር 1,400 ዩሮ እስከ 24 ወር ድረስ ይሰጣል፤ ተማሪው ቢያንስ በሁለት አገሮች እንዲማር ያደርጋል። ለእርስዎ የሚስማማው አንዱ የአውሮፓን ባህል፣ ማኅበረሰብና ፖለቲካ የሚያስተምረው ዩሮካልቸር ሲሆን፣ ግሮኒንገን፣ ኡፕሳላና ጎቲንገን ከአባል ዩኒቨርሲቲዎቹ ይገኙበታል። ብዙዎች የማያስተውሉት ግን አውሮፕላኑም፣ ቪዛውም፣ ቤት ኪራዩም ከዚያው 1,400 ዩሮ የሚወጡ መሆናቸውን ነው፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ክፍያ እጅዎ እስኪገባ የሚሸፈነውን ወጪ ከወዲሁ ከቤተሰብ ጋር ይምከሩበት። የስዊድን ኢንስቲትዩት ስኮላርሺፕ ደግሞ 3,000 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ ገና ከተመረቁ ይቆየዎት። በ1949 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በቤልጂየሟ ከተማ ብሩዥ የተመሠረተው የአውሮፓ ኮሌጅ ስሙ ቢገንም፣ ከድጋፎቹ ብዙዎቹ ለተወሰኑ አገሮች ዜጎች ብቻ የተመደቡ ስለሆኑ፣ ሌላውን ከማንበብዎ በፊት ኢትዮጵያ በዝርዝሩ መኖር አለመኖሯን ይመልከቱ።

ከቡሬ፦ በገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ውስጥ እሠራለሁ። አውሮፓን አይቼ አላውቅም፤ ለምን መማር እንደምፈልግ በሚገልጸው ደብዳቤ (ሞቲቬሽን ሌተር) ላይ ምን ብዬ ልጻፍ?

ይህን ጥያቄ ወድጄዋለሁ። አብዛኛው አመልካች «ከልጅነቴ ጀምሮ አውሮፓ ይማርከኝ ነበር» ብሎ ይጀምራል፤ መራጮቹም ያንን ዓረፍተ ነገር በየዓመቱ ስንት ጊዜ እንደሚያነቡት መገመት አያዳግትም። እርስዎ ግን ሌሎቹ የሌላቸው ነገር አለዎት። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ያወጣው የደን ምንጣሮ ደንብ ቡናን ጨምሮ ሰባት የምርት ዓይነቶችን ይመለከታል፤ ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ተመንጥሮ በተገኘ መሬት ላይ የበቀለን ቡና ወደ ገበያው አያስገባም፤ ማሳው በካርታ ላይ የሚገኝበትን ትክክለኛ ነጥብም ይጠይቃል። ሁለት ጥማድ የማትሞላ ማሳ ያለው ገበሬ፣ የይዞታ ደብተሩን ይዞ ወደ ማኅበሩ ሲመጣ፣ ብራሰልስ ላይ የተጻፈ ሕግ እርሱ ዘንድ በምን መልክ እንደሚደርስ የሚያውቀው እርስዎ ነዎት። በዚያ ይጀምሩ፤ ከዚያ ደንቡ እንዴት እንደሚረቀቅና የአፍሪካ አምራች ድምፁን በየት በኩል እንደሚያሰማ መማር የሚፈልጉ መሆንዎን ያስከትሉ። ገበሬውን የሚያሳዝን አድርገው አያቅርቡት፤ ሥራዎን ብቻ በትክክል ይግለጹ።

ከሞጣ፦ መምህሬ «ሪኮመንዴሽኑን (የድጋፍ ደብዳቤውን) አንተ ጻፈው፣ እኔ እፈርማለሁ» አሉኝ። ይሁን?

አይሁን። ያለ ጥርጥር የራስዎ ቋንቋ ይታወቅብዎታል፤ ሁለት ደብዳቤ በአንድ እጅ ተጽፎ መገኘቱም ማመልከቻውን ያበላሻል። መምህሩ ጊዜ የላቸው ይሆናልና፣ የመመረቂያ ጽሑፍዎን፣ ውጤትዎንና የፕሮግራሙን መግለጫ በአንድ ገጽ አዘጋጅተው ከወር በፊት ይስጧቸው። ደብዳቤውን ከተቋሙ ኢሜይል እንዲልኩትም በትሕትና ይጠይቋቸው።

ከዳንግላ፦ አንድ ሰው 30,000 ብር ከፍዬው ስኮላርሺፑን እንደሚያስጨርስልኝ ነገረኝ። ደግሞም «የቤተሰብ ስም» የሚለው ቦታ ላይ የማንን ስም ልጻፍ?

ለመጀመሪያው፦ አይክፈሉ፤ ማመልከቻው በቀጥታ ለፕሮግራሙ ነው የሚላከው። ለሁለተኛው፦ በፓስፖርትዎ ላይ በዚያ ቦታ የተጻፈውን፣ ብዙውን ጊዜ የአያትን ስም፣ ፊደሉን ሳይለውጡ ይጻፉ። የዲግሪዎ ፊደል ከፓስፖርቱ ከተለየ፣ የልዩነት ማስረጃ ከዩኒቨርሲቲው አስቀድመው ያውጡ። የመዝጊያ ሰዓቱም እንዳያምታታዎት፤ በክረምታቸው የብራሰልስ 23:59 በእኛ ከሌሊቱ 7:59 ነው፤ ዳንግላ ላይ መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ግን ከሁለት ቀን በፊት ይላኩት።