ሳቅ ከልኬት ሲቀድም፦ ለወጣት የኤሌክትሪክ ሠራተኞች

የሙያ ልጆቼ፣

ጅማ ውስጥ ሞተር የሚፈታበት ቤት ገብቶ ሳቅ ሳይሰማ የወጣ ሰው ያለ አይመስለኝም። አዲስ የገባውን ልጅ «ሂድና ከመርካቶ ግማሽ ኪሎ ኒውትራል ግዛ» ብሎ መላክ የቆየ ቀልድ ነው፤ ኒውትራል ኤሌክትሪኩ የሚመለስበት ሽቦ እንጂ በኪሎ የሚሸጥ ዕቃ አይደለም። ልጁ ሱቅ ለሱቅ ይዞራል፤ ባለሱቁም ነገሩ ስለገባው «አልቋል፣ ነገ ና» ይለዋል። በዚህ ቅር አይለኝም። የተቃጠለ ቫርኒሽ ሲያሸት የሚውል ሰው መሳቅ አለበት፤ ልጁም በሳምንቱ ለሚቀጥለው አዲስ ገቢ ያንኑ ቀልድ ይዞ ይጠብቃል።

የምጽፍላችሁ ስለ ሌላው ሳቅ ነው። ሰው አላወቀም ተብሎ፣ ጥያቄ ጠየቀ ተብሎ፣ ወይም የሠራው ሥራ እንግዳ መሰለን ተብሎ ስለሚሳቀው። ይህኛው ሞተር ያቃጥላል።

መጀመሪያ በትክክል የሚያስቀውን ልንገራችሁ። ጥቅምት ገብቶ እሸት ቡና መድረስ ሲጀምር ከማና፣ ከጎማ፣ ከጌራ፣ ከሊሙ ስልኩ ይደወላል። «የቡና መፈልፈያው አልነሳ አለ፣ ምን እናድርግ?» ሞተሩ ስንት ኪሎ ዋት ነው? «ትልቅ ነው።» ስንት ቮልት አላችሁ? «መብራት አለ።» ዝም ነው የሚለው ወይስ እም እያለ መዞር ነው ያቃተው? «ቆይ ልየው።» የደወለው የጣቢያው ዘበኛ ወይም ባለ ቡናው ከሆነ ነውር የለበትም፤ እሱ ቡናውን ያውቃል፣ ሞተሩን እንድናውቅለት ደግሞ ይከፍለናል። የደወለው ሰርተፊኬት ግድግዳ ላይ የሰቀለ ልጅ ከሆነ ግን ይሳቅበት። አላወቀም ብዬ አይደለም፤ ሞተሩ አጠገብ ቆሞ ስላላየ ነው።

ማየት የምለው ይህን ነው። የሞተሩ የስም ሰሌዳ ይነበብ፦ ኪሎ ዋቱ፣ አምፒሩ፣ የዙር ብዛቱ፣ ከሁሉም በላይ የቮልት አሠራሩ። ስታር ማለት የሦስቱን ጥቅልል አንድ አንድ ጫፍ በአንድ ነጥብ ማሰር ነው፤ ዴልታ ደግሞ ሦስቱን ጫፍ ለጫፍ በሦስት ማዕዘን ማያያዝ። ሰሌዳው «230/400፣ ዴልታ/ስታር» ካለ በእኛ የ380 ቮልት መስመር ላይ የሚታሰረው በስታር ብቻ ነው። በዴልታ ያሰረው ሰው በእያንዳንዱ ጥቅልል ላይ የሚገባውን 1.73 እጥፍ ቮልት ጭኖበታል፤ ጭሱ ለመውጣት ብዙ አይቆይም። «400/690» የሚለው ነው በዴልታ የሚሠራው፤ በስታር–ዴልታ፣ ማለትም በስታር አስነስቶ ወደ ዴልታ እየቀየሩ፣ ማስነሳት የሚቻለውም እሱን ነው። ከዚያ ቮልቱ በፌዞቹ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በሚመጣባቸው ሦስት ሽቦዎች፣ መካከል በሦስቱም ጥንድ ይለካ፦ አንድና ሁለት፣ ሁለትና ሦስት፣ አንድና ሦስት። «380 አለ» ብሎ አንዱን ጥንድ ብቻ ለክቶ መምጣት አለመለካት ነው። ሞተሩ የሚዞር ከሆነ ደግሞ ሽቦውን አቅፎ አምፒር በሚለካው ክላምፕ ሜትር የሦስቱም አምፒር ለየብቻ ይያዝ። የ11 ኪሎ ዋት ሞተር በሙሉ ጭነት 22 አምፒር ገደማ ነው የሚስበው፤ ለአንድ ኪሎ ዋት ሁለት አምፒር ብላችሁ በግምት ማሰብ ትችላላችሁ።

እዚህ ላይ የእኛ አካባቢ የራሱ ጣጣ አለው። የቡና ማጠቢያ ሞተር ከጥር እስከ መስከረም ቆሞ ነው የሚከርመው። የጅማ ክረምት ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ተርሚናል ሳጥኑ ውስጥ ጤዛ ይቋጠራል፣ አይጥ ኬብሉን ይበላል። ማስነሻውን ከመጫናችሁ በፊት ኬብሉን ፈትታችሁ በ500 ቮልት ሜገር (የሽቦ ልባስ መድከሙን በሚለካው መሣሪያ) ጥቅልሉን ከሞተሩ ቀፎ ጋር ለኩ። ከ1 ሜጋ ኦም በታች ከሆነ አታስነሱ፤ ክዳኖቹን ፈትታችሁ በሞቀ አየር ቀስ እያላችሁ አድርቁትና ደግማችሁ ለኩ። «ባለፈው ዓመት እኮ ሲሠራ ነው የቆመው» የሚለው ክርክር ዕርጥበቱን አያደርቀውም።

የመስመር ርዝመትም አለ። ትራንስፎርመሩ 200 ሜትር ርቆ በ10 ካሬ ሚሊ ሜትር የአሉሚኒየም ሽቦ የሚመጣ ከሆነ ያ 11 ኪሎ ዋት ሞተር በሙሉ ጭነት ሲሠራ ወደ 20 ቮልት ገደማ መንገድ ላይ ይቀራል። ሲነሳ የሚስበው አምፒር እስከ ስድስት እጥፍ ስለሚደርስ መውደቁ ከዚያም ይብሳል። የሞተር ጉልበት ደግሞ የሚወርደው ከቮልቱ እኩል አይደለም፤ ቮልቱ በ10 በመቶ ቢቀንስ ጉልበቱ በ19 በመቶ ይቀንሳል። መፈልፈያው እሸት ሞልቶበት ይነሳ ከተባለ እንቢ የሚለው ለዚህ ነው። ባዶውን አስነስቶ ቡናውን ኋላ መልቀቅ ማንም ሊያደርገው የሚችል ነገር ነው። ግልገል ጊቤ ቅርባችን ነው ብለን ብንኮራም፣ ከግድቡ የሚወጣው ኃይል በቀጭን ሽቦ ከመጣ ያው ቀጭን ነው።

አሁን ደግሞ የሚሳቅባቸውን፣ ግን ሊሳቅባቸው የማይገባቸውን ጥያቄዎች እንያቸው። «ኒውትራል ላይ ቴስተር አይበራም ከተባለ እኔን ለምን ነዘረኝ?» አንድ ቤት ሙሉ ሰው ይስቃል። ጥያቄው ግን ጥርት ያለ ነው። ኒውትራሉ የሆነ ቦታ ከተበጠሰ፣ ከተበጠሰበት ወዲህ ያለው ጫፍ በተሰካው አምፖልና ምጣድ በኩል ፌዝ ይሆናል። በሦስት ፌዝ መስመር ላይማ ይባስ ነው፤ ጭነቱ ያነሰበት ፌዝ ላይ ያለው ዕቃ ከ220 አልፎ ወደ 380 ሊጠጋ ይችላል። በአንድ ግቢ በአንድ ምሽት ቴሌቪዥኑም አምፖሉም አብረው ከተቃጠሉ መጀመሪያ የምታዩት የኒውትራሉን ማሰሪያ ነው። ልጁ ተስቆበት አፉን ከዘጋ ይህን ማን ይነግረዋል?

ሌላው፦ «ትናንት ደህና የነበረው ፓምፕ ዛሬ ውሃው ለምን አነሰ?» መልሱ «ውሃው ሰልችቶት ነው» የሚል ቀልድ ይሆናል። ትራንስፎርመር ተቀይሮ ወይም መስመር ተጠግኖ እንደሆነ ግን የፌዞቹ ቅደም ተከተል ተገልብጦ ሊሆን ይችላል። የውሃ ፓምፕ ወደ ኋላ ሲዞር ጨርሶ አያቆምም፤ ትንሽ ውሃ እየሰጠ ያታልላል። መፈልፈያው ግን ወደ ኋላ ሲዞር ወዲያው ይታወቃል። መፍትሔው ከሦስቱ ፌዞች ሁለቱን ማቀያየር ነው። አንድ ሞተር ብቻ ከተገለበጠ እዚያው ሞተሩ ላይ፤ የጣቢያው ሞተሮች በሙሉ ከተገለበጡ ዋናው መግቢያ ላይ። ይህን ሳያይ አምስት ሞተር አንድ በአንድ ሲፈታ የሚውል አለ። በእሱ ብትስቁ አልከለክላችሁም።

በጣም የምፈራው ግን ከእኛ በፊት በሠራው ሰው ላይ የሚሳቀውን ሳቅ ነው። ሳጥን ሲከፈት የመጀመሪያው ቃል «ማነው ይሄን የሠራው?» ነው፤ ያውም ደንበኛው ፊት። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። አንድ ምሳሌ ቀርባችሁ ተመልከቱ። የ11 ኪሎ ዋት ሞተር በስታር–ዴልታ ታስሯል፤ ሰሌዳው 22 አምፒር ይላል፤ ኦቨርሎዱ፣ ማለትም ሞተሩ ከልክ በላይ ሲስብ የሚያቋርጠው መከላከያ፣ ግን 13 ላይ ተሞልቷል። ወጣቱ ይስቃል፦ «ሰሌዳ እንኳ ማንበብ አይችልም!» ካቻቪቴ አውጥቶ ወደ 22 ያዞረዋል። ኦቨርሎዱ የተቀመጠው ግን መስመሩ ወደ ስድስቱ የሞተር ሽቦዎች ከተከፈለ በኋላ ነው፤ እዚያ የሚያልፈው የመስመሩ አምፒር 58 በመቶ ብቻ ነው። 22 ሲባዛ በ0.58 ወደ 13 ይመጣል። ያ የተሳቀበት ሰው አስልቶ ነው የሠራው። አሁን ሞተሩ ከመስመሩ 38 አምፒር እስኪስብ ድረስ ማንም አያቆመውም። ኩሽኔታው ሲይዝ ወይም ቺንጋው ከልክ በላይ ሲወጠር ጥቅልሉ ይቃጠላል፤ በእሸት ወቅት ሞተር ማስጠቅለል ደግሞ ገንዳ ሙሉ ቡና ማበላሸት ማለት ነው። ስለዚህ ኦቨርሎድ ከመንካታችሁ በፊት ከየት ወጥቶ ወዴት እንደሚሄድ ሽቦውን በጣት ተከተሉ።

በእርግጥ አስቂኝ ሥራም አለ። በፊውዝ ፋንታ የመዳብ ሽቦ ጠምዝዞ የሚከት፣ ኦቨርሎዱን በአጭር ሽቦ የሚዘል። ይህን ስታገኙ ግን ሽቦውን አውልቃችሁ አዲስ ፊውዝ ከትታችሁ አትሂዱ። ያ ሰው ሽቦ የከተተው ፊውዙ እየደጋገመ ስለተቃጠለበት ነው፤ ያቃጠለው ነገር አሁንም እዚያው አለ። ጥቅልሉ የተቃጠለ ሞተር ቢያጋጥማችሁም እንዲሁ ተመልከቱት፦ በስታር የታሰረ ሞተር አንድ ፌዝ አጥቶ ከሆነ ከሦስቱ ክፍል ሁለቱ ይጠቁራሉ፣ በዴልታ ከሆነ አንዱ ብቻ። ሦስቱም እኩል ከጠቆሩ ከልክ ያለፈ ጭነት ወይም የቮልት ችግር ፈልጉ። ዲናሞ የሚጠቀልለው ሰው ጥቅልሉን ቆርጦ ከመጣሉ በፊት ሄዳችሁ እዩት፤ ከተጣለ በኋላ ማስረጃው የለም።

ስለ አደገኛ ቀልድ አጭር ነው የምለው። የተሞላ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ አጠራቅሞ የሚይዝ ዕቃ) ለጀማሪ መወርወር ቀልድ አይደለም። 380 ቮልት ላይ የነበረ ካፓሲተር ሲቋረጥ እስከ 537 ቮልት ይዞ ሊቀር ይችላል፤ የመልቀቂያ ሬዚስተር አለው ተብሎም አይታመንም፣ ሬዚስተሩ ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። በዲሲ ቮልት ለክታችሁ ብቻ ንኩ። ብሬከር አጥፍታችሁ ስትሠሩ ቁልፍ ቆልፋችሁ ቁልፉን ኪሳችሁ ክተቱ። መልቲሜትሩን መጀመሪያ ኤሌክትሪክ እንዳለው በምታውቁት ቦታ ሞክሩ፣ ከዚያ የምትሠሩበትን ለኩ፣ ከዚያ እንደገና የሚታወቀውን። «ፈሪ!» የሚላችሁ ይኖራል። ይበል።

ታላላቆቻችሁን ስትጠይቁ ደግሞ በምን መልክ እንደምትልኩት ላሳያችሁ። ይህን የመሰለ መልእክት ማንም አይስቅበትም (ኮንታክተር የሚለው ሦስቱን ፌዝ ወደ ሞተሩ የሚያገናኘውና የሚያቋርጠው ማብሪያ ነው)፦

«ጋሼ፣ የመፈልፈያ ሞተር ነው፣ 11 ኪሎ ዋት፣ 22 አምፒር፣ በቀጥታ የሚነሳ። ስንጭነው እም ይላል፣ አይዞርም፣ ወዲያው አጠፋነው። ቺንጋውን አውልቀን በእጅ ሲዞር ነፃ ነው። ከኮንታክተሩ በላይ 385፣ 388፣ 384 አለ። ከኮንታክተሩ በታች ሲጫን አንድና ሁለት 385፣ ሁለትና ሦስት 192፣ አንድና ሦስት 193 ይላል። ቴስተር ግን ሦስቱም ላይ ይበራል። ትናንት ማታ እየሠራ መብራት ሄዶ መጥቷል።»

ይህን የላከው ልጅ ግማሹን ሥራ ጨርሷል። ከላይ ሦስቱም ሙሉ ናቸው፤ ከታች ሦስተኛው ግማሽ ሆኗል። ሦስተኛው ፌዝ ተቋርጦ፣ በሞተሩ ጥቅልል በኩል ከሁለቱ መሐል የመጣ ቮልት ነው የሚታየው፤ ቴስተሩ የሚበራውም በዚሁ ምክንያት ነው። የሚላክለት መልስ አንድ መስመር ነው፦ ዋናውን አጥፋና ቆልፍ፣ የኮንታክተሩን ሦስተኛ ኮንታክት አውጥተህ እየው፣ ተቃጥሎ ከሆነ በአሸዋ ወረቀት አትፈግፍገው፣ ሦስቱንም ባንድ ላይ ቀይራቸው፤ ቺንጋውን ሳትመልስ አስነሳና የሦስቱንም አምፒር ላክልኝ።