ማልቦን ለምን ከተማ ይቀያይር ነበር?

ወንድሜ፣ «ሠዓሊው ኤድዋርድ ግሪን ማልቦን ያን ያህል ጎበዝ ከነበረ ለምን አንድ ቦታ አልተቀመጠም?» ላልከው፣ ሥራው ራሱ አያስቀምጥም ነበር። ሚኒያቸር (በእጅ የሚያዝ ትንሽ የሰው ምስል) የሚያሠራ ባለጸጋ በአንድ ከተማ ብዙ አይገኝም፤ ያሉትን ሥሎ ሲጨርስ ወደ ሌላው ይሄዳል። አሜሪካ፣ ሮድ አይላንድ ግዛት፣ ኒውፖርት ተወልዶ እ.ኤ.አ. በ1794 ገና በ17 ዓመቱ ፕሮቪደንስ ላይ ሥራ ጀመረ፤ ከዚያ ቦስተን፣ ኒውዮርክ፣ ፊላደልፊያ፣ ቻርለስተን። በ1801 ከጓደኛው ከሠዓሊው ዋሽንግተን ኦልስተን ጋር ለንደን ሄዶ ጥቂት ወራት ቆይቶ ተመልሷል።

እኔን የሚገርመኝ ግን እጁ ነው። የሚሥለው በስሱ በተዘጋጀ የዝሆን ጥርስ ላይ፣ በውሃ ቀለም ነው። የሣለውን ፊት በአጉሊ መነጽር ብታየው ቀለሙ የተለቀለቀ ሳይሆን እንደ ድርና ማግ የተጠላለፉ ቀጫጭን መስመሮች ናቸው፤ በመሃላቸው የዝሆን ጥርሱ ንጣት ስለሚያበራ ቆዳው ደም ያለው ይመስላል። በዘመኑ ከነበሩት አሜሪካውያን በዚህ የሚስተካከለው ያለ አይመስለኝም። «ሰዓታት» የሚባለውን ሥራውን ፈልገህ እይ፤ መጠኑ ከለመደው ተለቅ ይላል፣ ሦስቱ ሴቶች ያለፈውን፣ ያለውንና የሚመጣውን ጊዜ ይወክላሉ።

የቀጨው የሳንባ ነቀርሳ ነው። ለጤናው ብሎ ጃማይካ ድረስ ሄዶ ነበር፤ በ1807 አሜሪካ፣ ሳቫና ከተማ ውስጥ በ29 ዓመቱ አረፈ።