ከ1776 እስከ 1789 አሜሪካን ማን ነበር የሚያስተዳድራት?

ለዜግነት ፈተና የምትዘጋጅ እህታችን የለጠፈችው ጥያቄ ይህ ነው፦ «ነጻነት የታወጀው በ1776፣ ሕገ መንግሥቱ የተጻፈው በ1787፣ ዋሽንግተን ፕሬዚዳንት የሆነው በ1789። በመሃል ያለውን 13 ዓመት ማን ነበር የሚገዛው? ዓመቶቹስ ለምን ይምታቱብኛል?»

የሚምታቱብሽ እያንዳንዱ ሰነድ ከአንድ በላይ ቀን ስላለው ነው። የተጻፈበት፣ የጸደቀበትና ሥራ የጀመረበት ቀን ይለያያል።

ከነጻነቱ እንጀምር። ኮንግረሱ፣ ማለትም የ13ቱ ግዛቶች ተወካዮች ጉባኤ፣ ፊላዴልፊያ ላይ ከእንግሊዝ ለመለየት ድምፅ የሰጠው ጁላይ 2፣ 1776 ነው። ጁላይ 4 የጸደቀው የመግለጫው ጽሑፍ ነው። አብዛኞቹ የፈረሙት ደግሞ ኦገስት 2። ፈታኙ ሲጠይቅሽ ግን «ጁላይ 4፣ 1776» ብለሽ ዝም በይ፣ ሌላውን አታንሺ። ብዙ ሰው ዋሽንግተንን ከፈራሚዎቹ ይደምረዋል፤ እሱ ያኔ ኒው ዮርክ ጦሩን ይዞ ነበር። መግለጫውን ያረቀቀው ጄፈርሰንም በ1787 ሕገ መንግሥቱ ሲጻፍ ፓሪስ ነበር።

አሁን ወደ መሃሉ። በጦርነቱ ጊዜ የሚያስተዳድረው ያው ኮንግረስ ነው፣ መጀመሪያ ላይ የጸደቀ መተዳደሪያ እንኳ ሳይኖረው። የኮንፌዴሬሽን አንቀጾች የሚባለውን መተዳደሪያ ኖቬምበር 15፣ 1777 ተስማምቶበት ለ13ቱ ግዛቶች ላከ። ሥራ ላይ የዋለው ግን ማርች 1፣ 1781 ነው። ያዘገየችው ሜሪላንድ ናት፣ ምክንያቷም መሬት ነው። ቨርጂኒያን የመሳሰሉት በስተ ምዕራብ ሰፊ መሬት የእኛ ነው ይሉ ነበር። ሜሪላንድ ምንም የላትም፤ እነሱ መሬት እየሸጡ ግብራቸውን ሲያቀልሉ የእኔ ሕዝብ ወደዚያ ይፈልሳል ብላ ሰጋች። የፈረመችው ቨርጂኒያ መሬቱን ለጋራ ለመልቀቅ ከተስማማች በኋላ ነው።

ይህ መንግሥት አንድ ምክር ቤት ብቻ ነበረው። የአገር መሪ የሚባል ፕሬዚዳንት የለም፣ ራሱን የቻለ የፍርድ ቤት ሥርዓትም የለም። ትልቅም ትንሽም ግዛት ያላት ድምፅ አንድ ነው። ለዋና ዋና ጉዳይ የ9 ግዛቶች ድምፅ፣ መተዳደሪያውን ለማሻሻል ደግሞ የ13ቱም ስምምነት ያስፈልጋል። ኢንተርኔት ላይ «እውነተኛው የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ጆን ሃንሰን ነው» የሚል ነገር ካየሽ፣ ሰውየው የስብሰባው ሰብሳቢ ነበር፣ ከዚያ አያልፍም።

ትልቁ ችግር ገንዘብ ነው። ኮንግረሱ ግብር መጣል አይችልም፤ ከግዛቶቹ መዋጮ ይጠይቃል እንጂ። አባላቱ ደስ ሲላቸው ብቻ የሚከፍሉበትን እድር አስቢ። ያተመው የወረቀት ገንዘብም ወድቆ በ1780 ራሱ ኮንግረሱ 40 የወረቀት ዶላር በ1 የብር ዶላር ተመነ። ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ 5 ከመቶ ቀረጥ እንጣል ሲል በ1782 ሮድ አይላንድ ብቻዋን እምቢ አለች፣ ቀረ። እንደገና ሲሞከር ደግሞ በ1786 ኒው ዮርክ አከሸፈችው። በጁን 1783 ደመወዝ ያልተከፈላቸው ወታደሮች የፊላዴልፊያውን አዳራሽ ሲከቡ ኮንግረሱ ወደ ፕሪንስተን ሸሸ።

ድክመቱን ከሁሉ የሚያሳየኝ ግን የሰላሙ ውል ነው። ውሉ ፓሪስ ላይ ሴፕቴምበር 3፣ 1783 ተፈረመ፤ በ6 ወር ውስጥ በሁለቱም ወገን ጸድቆ መለዋወጥ ነበረበት። ለማጽደቅ 9 ግዛቶች ያስፈልጋሉ፣ ኮንግረሱ ያኔ በሚሰበሰብባት አናፖሊስ የተገኙት ግን 7 ብቻ። ክረምት ነው፣ ተወካይ አይመጣም። በ7 እናጽድቀው የሚሉም ነበሩ። ፊላዴልፊያ ታሞ የተኛ የደቡብ ካሮላይና ተወካይ ሳይቀር ተጠርቶ መጥቶ ጃንዋሪ 14፣ 1784 ቁጥሩ ሞላ። ድል ያደረገ አገር ነጻነቱን የሚያረጋግጥለትን ወረቀት ለማጽደቅ ሰው እየቆጠረ ይጠብቅ ነበር!

በ1786 በምዕራብ ማሳቹሴትስ ዕዳና ግብር ያስመረራቸው ገበሬዎች ፍርድ ቤት መዝጋት ጀመሩ። በጃንዋሪ 1787 በዳንኤል ሼይስ መሪነት ወደ ስፕሪንግፊልድ የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት ዘመቱ፤ መድፍ ተተኩሶባቸው 4 ሰዎች ሞቱ። ኮንግረሱ ጦር የሚያዘምትበት ገንዘብ ስላልነበረው አመፁን ለማብረድ ለወጣው የግዛቱ ጦር ያዋጡት የቦስተን ነጋዴዎች ናቸው። ባለ ንብረቱን ያስደነገጠው ይህ ነው።

በዚያው ዓመት ከሜይ 25 እስከ ሴፕቴምበር 17 ፊላዴልፊያ ላይ 55 ተወካዮች ተሰበሰቡ፣ 39 ፈረሙ። ሮድ አይላንድ ሰው አልላከችም። የተጠሩት የድሮውን ለማሻሻል ነበር፤ አዲስ ጽፈው ወጡ። ብልሃታቸው የማጽደቂያው ቁጥር ላይ ነው፦ በ13 ፈንታ 9 ይበቃል አሉ፣ አንዷ ግዛት ሁሉን እንዳታግድ። የመጀመሪያዋ ዴላዌር ዲሴምበር 7፣ 1787 አጸደቀች፤ ዘጠነኛዋ ኒው ሃምፕሸር ጁን 21፣ 1788። ኒው ዮርክ በ30 ለ27 ድምፅ ለጥቂት አለፈች። ዋሽንግተን ኤፕሪል 30፣ 1789 ኒው ዮርክ ላይ ቃለ መሐላ ሲፈጽም በአዲሱ ሕገ መንግሥት ሥር የነበሩት ግዛቶች 11 ብቻ ናቸው። ሰሜን ካሮላይና በዚያው ዓመት ኖቬምበር ገባች። ሮድ አይላንድ ንግድ ሊዘጋባት ሲል ሜይ 29፣ 1790 በ34 ለ32 አጸደቀች።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በአማርኛ የተዘጋጀ ማስታወሻ የምታነቢ ከሆነ የማን አቆጣጠር እንደሆነ እይ። ጁላይ 4፣ 1776 በእኛ ሰኔ 1768 ነው፣ 8 ይቀነሳል። ሴፕቴምበር 17፣ 1787 ግን ከእንቁጣጣሽ በኋላ ስለሚውል መስከረም 1780 ነው፣ 7 ብቻ ይቀነሳል። ለፈተናው የፈረንጁን ብቻ ያዢ፣ ወሩንም በፈረንጅኛ ስሙ አጥኚው።